ለገናና ለጥምቀት ቤት ውስጥ ምን እናዘጋጅ? ጠላ፣ ኮረፌ፣ ጠጅ፣ ብርዝ ወይስ የፈረንጆቹ ኤግኖግ

አምና እህትየ ለገና ከአሜሪካ መጣችና ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ "ዘንድሮ ጾሙን የምንፈታው በኤግኖግ ነው" አለች። እማየ ከጓዳ ሆና "ኑግ ከሆነ ቅዳሜ ገበያ ሞልቶ የለ፣ ምን ያስጮሃታል" አለች። ኑግ አይደለም እማየ፣ እንቁላልና ወተት ከስኳር ጋር ተመትቶ ክሬም ገብቶበት ገውዝ ተነስንሶበት የሚጠጣ ነው ስንላት ሁለታችንንም ዝም ብላ አየችንና "እንቁላል ይጠጣል?" ብላ ወደ ድፍድፏ ተመለሰች።

በዚያ በዓል እኛ ቤት ጠላም ጠጅም ብርዝም ኤግኖግም ነበረ፣ ለጥምቀት ደግሞ ከዳባት አክስቴ ኮረፌ ይዛ መጣች፣ ስለዚህ አምስቱንም በአንድ ሰሞን አይቻቸዋለሁ ማለት እችላለሁ። ሰው "ምን ልሥራ" ሲለኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የቱ ይጣፍጣል ብሎ ነው። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ስንት ሰው ይመጣብሻል፣ ስንት ቀን ቀርቶሻል፣ ቤት ውስጥ የሚጾም አለ ወይ ነው። እነዚህ ከተመለሱ ምርጫው ግማሹ አለቀ፣ ጣዕሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የቀኑን ነገር ላስቀድም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው (ከጳጉሜ 6 በኋላ ባለው ዓመት 28)፣ ጥምቀት ጥር 11፣ በመሀል ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። ይቺ 12 ቀን ለጠላ ልክክ ያለች ናት፣ ለዚህ ነው እኛ ቤት የገናው ጠላ ሲቀዳ የጥምቀቱ የሚጠነሰሰው። ለጠጅ ግን አትበቃም። እኛ የምንኖርባት ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ቆላ ላይ በሳምንት የሚደርስ ጠጅ እዚህ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። እማየ ጋኑን አሮጌ ጋቢ ታለብሰዋለች፣ ልጆች ሆነን ጋኑ ብርድ መትቶት የታመመ ይመስለን ነበር።

ጠላ፤ ሰው ብዙ ከሆነ ሌላ አታስቡ። የጎንደር ጥምቀት ላይ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ከከተራ ጀምሮ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚመለስ ዘመድ፣ የዘመድ ጓደኛ፣ ጓደኛው መንገድ ላይ የተዋወቀው ሰው ሳይቀር በር ላይ ቆሞ "እንኳን አደረሳችሁ" ካለ ይገባል፣ ከገባም ይቀዳለታል። ለዚህ ሁሉ ሰው ጠጅ ልቅዳ ያለ ቤቱን ይሽጥ።

ግን ጠላ ርካሽ ነው ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም፣ ልፋቱ ወገብ ይሰብራል። ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ ቅጠል ከትንሽ ብቅል ጋር በውሃ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ቂጣው ተጋግሮ ተቆራርሶ ከቀረው ብቅል ጋር ይገባና ጥንስሱ ይነሳል፣ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ እንኩሮው፣ ማለትም የተቆላው ዱቄት፣ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል፣ በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ አፉ ተከድኖ ዙሪያው ይመረጋል። እኛ ቤት ጌሾው አንድ ጣሳ ከሆነ ብቅሉ ሁለት፣ የሚጋገረውና የሚቆላው እህል ስድስት ሰባት ነው። ሌላ ቤት ሌላ ነው፣ በዚህ ማንም ከማንም ጋር አይስማማም፣ አትከራከሩ። እህሉን እኛ ገብስና የደምቢያ ዳጉሳ እናደርገዋለን፣ ዳጉሳው ብቻውን ሲሆን ይከብዳል።

ጠላን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አየር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጋን አንሶን በፕላስቲክ በርሜል ጠምቄ ክዳኑ ልክ አልነበረም፣ እኔም በየቀኑ "ደረሰ አልደረሰ" እያልኩ እየከፈትኩ አየው ነበር፣ የከተራ ዕለት ሲቀዳ ሆምጣጤ ሆኖ ቁጭ። ጎረቤታችን እትየ አንድ ጊዜ ቀምሳ "ለሰላጣ ይሆናል" አለችኝ፣ እስከ ዛሬ አትለቀኝም። የጠላን አልኮል ወደ ሆምጣጤ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች አየር ካላገኙ አይሠሩም፣ ድሮ እናቶቻችን በጭቃም በሊጥም ሲመርጉት ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ፕላስቲክ የግድ ከሆነ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፣ ዘይት ወይም ሳሙና የነበረበት በጭራሽ አይሁን፣ ያ ሽታ አይለቅም። ከተከፈተ በኋላም ቶሎ ማለቅ አለበት፣ ለዚህ አንድ ትልቅ ከመጥመቅ ሁለት ትንንሽ ጋን መጥመቅ ይሻላል፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከፈታል።

አልኮሉ ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ነው፣ ተጣርቶ የሚጠጣው ፊልተሩ ከፍ ብሎ 5ም 6ም ይደርሳል። ውሃም አስቡ፣ የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ለማጠቡም ለመሙላቱም ጀሪካን ሞልቶ ያልጠበቀ ሰው ድፍድፉ ደርሶ ውሃ ፍለጋ ይዞራል። ትርፉ ደግሞ ደስ ይላል፣ ከጉሹ ቀጥሎ ቅራሪው፣ ከቅራሪው ቀጥሎ አተላው ለከብት፣ የሚጣል የለም።

ኮረፌን ከጎንደር ውጪ ያለ ሰው ብዙም አያውቀውም፣ እነ ዳባት እነ ደባርቅ ሂዱ ግን የበዓሉ ጌታ እሱ ነው፣ የቅማንቶችም የቆየ መጠጥ ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ በውሃ ያድራል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከጌሾ ጋር ተደፍድፎ በሸክላ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ወር! መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ፣ በኋላ ነው ብልሃቱ የገባኝ። ድፍድፉ ቤት ውስጥ ካለ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚፈለገውን ያህል ቆንጥሮ በውሃ መበጥበጥ ነው፣ አንድ ቀን አድሮ ይጠጣል። አክስቴ ባለፈው ጥምቀት ድፍድፉን በትንሽ ባልዲ ጭና መጥታ ማታ በጠበጠችው፣ በማግስቱ ከሰዓት አረፋው ከጣሳው አፍ ወጥቶ ተቀዳ። ወፈር ያለ ነው፣ ቁርስ ያልበላ ሰው ሁለት ጣሳ ቢጠጣ ምሳ አይፈልግም። ጠላ ለምዳችሁ ኮረፌን እንደ ጠላ የምትጠብቁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ላይ አይመቻችሁም፣ በተለይ ፊልተር የለመደ የከተማ ልጅ ፊቱን ያጨማድዳል። ዛሬ ጀምራችሁ ለገና አይደርስም፣ ዘመድ ካላችሁ ድፍድፉን ከገጠር አስመጡ፣ ከሌላችሁ እለፉት።

ጠጅ የጥቂት ሰው መጠጥ ነው፣ አማች ሲመጣ፣ የክርስትና አባት ሲመጣ። ሥራው ከጠላ በብዙ ይቀላል፣ ወጪው ግን ማሩ ላይ ነው። የኔ ልክ አንድ ማር ለሦስት ውሃ ነው፣ በመጠን እንጂ በኪሎ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማር ከውሃ ይከብዳል፣ 5 ኪሎ ማር 3 ሊትር ተኩል ገደማ ነው የሚሆነው፣ እዚያ ላይ 10 ሊትር ተኩል ውሃ ሲገባ 14 ሊትር ብርዝ ይወጣል፣ አምቡላው ሲቀነስ ብርሌው ሩብ ሊትር ከያዘ ሃምሳ ብርሌ አካባቢ ነው። በዚህ አስሉት፣ ከዚያ የማሩን ዋጋ ገበያ ጠይቁና ለስንት ሰው እንደምትቀዱ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይገፈፋል፣ ከዚያ ጌሾው ይገባል። ለጠጅ እንጨቱ ነው እንጂ ቅጠሉ አይደለም፣ ቅጠሉ ያመርረዋል። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ማማሰልና መጠበቅ ነው፣ አልኮሉ ከ7 እስከ 11 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፣ ጣፋጭነቱ ግን ይሸፍነዋል፣ ሰው የሚያውቀው ሊነሳ ሲል ነው። ማር ስትገዙ ከምታውቁት ሰው ግዙ፣ እኔ አንድ ዓመት "ንጹሕ ነው" ተብሎ የተማለልኝን ማር ገዝቼ ያ ጠጅ ሽሮፕ ሽሮፕ ሲል ከረመ፣ ማሩ ውስጥ ስኳሩ ይበዛ ነበር መሰለኝ። እማየ ለጠጅ ሰፈፉ ያልወጣ ማር ነው የምትመርጠው፣ የተጣራና ያማረ የታሸገ ማር ለጠጅ ማባከን ነው ትላለች።

ብርዝ ለብቻው ቦታ አለው። ለልጆችና መጠጥ ለማይጠጣ ሰው፣ አዲስ ዓለም ያሉ ሙስሊም ጓደኞቻችን እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ሲመጡም የምንቀዳላቸው እሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ብርዝ የዕለቱ ይሁን፣ ጠዋት ተበርዞ ከሰዓት ይጠጣ። ያደረ ብርዝ ጌሾ ባይገባበትም መፍላት ይጀምራል፣ ለማይጠጣ ሰው አልኮል ልትሰጡ ነው ማለት ነው።

አሁን ኤግኖግ። እህትየ እንደምትለው አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆች ገና ሰሞን ሱቁ ሁሉ በካርቶን ይሸጠዋል፣ ቤት ውስጥ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ድሮ እንግሊዞች ትኩስ ወተት ላይ ወይን ወይም ቢራ እያፈሰሱ የሚጠጡት ፖሴት የሚባል ነገር ነበራቸው፣ ኤግኖግ ከዚያ ነው የመጣ ይባላል፣ አሜሪካ ሲሻገር ሮም ገባበት። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፣ ጥሬውን እንቁላል መትቶ በወተትና በመጠጥ ማዋሃድ፣ ወይም እሳት ላይ አብስሎ ማቀዝቀዝ። እዚህ ላይ ምርጫ የለም፣ አብስሉት። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊኖርበት ይችላል፣ "አልኮሉ ይገድለዋል" የሚሉ አሉ፣ አልኮል ላይ አትተማመኑ። እኛ ዘንድ ወተቱም ከላም ቤት በጆግ የሚመጣ ጥሬ ወተት ስለሆነ እሱም መፍላት አለበት፣ በተለይ እርጉዝ፣ ሕፃንና ሽማግሌ ባለበት ቤት።

አንድ ሊትር ወተት፣ የስድስት እንቁላል አስኳል (የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ትንንሽ ስለሆነ ስምንት)፣ አንድ የቡና ሲኒ ተኩል ያህል ስኳር። ክሬም ብላችሁ ሱፐርማርኬት አትንከራተቱ፣ ወተቱ ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚጋግረው ስልባቦት አለ አይደል፣ እሱን ከሁለት ሦስት ሊትር ሰብስቡት፣ እህትየ ራሷ ከአሜሪካው ክሬም ይሻላል ብላለች። አስኳሉን ከስኳሩ ጋር እስኪነጣ ምቱት፣ ወተቱን አፍሉና ትንሽ ይብረድ፣ ከዚያ ወተቱን በጭልፋ በጭልፋ አስኳሉ ላይ እያማሰላችሁ አፍስሱ። በአንድ ጊዜ ያፈሰሰው ሰው እንቁላል ፍርፍር ይበላል፣ የመጀመሪያው ድስታችን እንደዚያ ሆኖ ነው የቀረው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ድስት መልሳችሁ በጣም በለዘብተኛ እሳት ሳታቋርጡ አማስሉ፣ መፍላት የለበትም። ቴርሞሜትር ያለው 71 ዲግሪ ሲደርስ ያውጣ፣ የሌለው የእንጨት ማንኪያ ነክሮ ጀርባው ላይ በጣቱ መስመር ያስምር፣ መስመሩ ሳይዘጋ ከቆየ ደርሷል። ስልባቦቱን ጨምሩ፣ አጥልሉ፣ ቶሎ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ስምንት ትንሽ ብርጭቆ ይወጣዋል፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ፍሪጅ ስል ደግሞ መብራት አስቡ። ከፍሪጅ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ፍሪጅ ውስጥም ሁለት ሦስት ቀን ነው ዕድሜው። ጠላና ጠጅ መብራት ሄደ መጣ ግድ አይሰጣቸውም፣ ኤግኖግ ግን የበዓል ዋዜማ መብራት ከሄደ ሐሳብ ነው። የጎንደር ሌሊት ብርዱ ይበቃዋል ብላችሁ ደጅ አታስቀምጡት፣ እንደ ፍሪጅ አይሆንም፣ ድመቷም አለች።

መጠጥ የሚጨምር ሰው ከቀዘቀዘ በኋላ ለአንድ ሊትር አንድ ሲኒ ሮም ወይም ብራንዲ ይበቃዋል። አረቄ ሞክረን ነበር፣ ሽታው ወተቱን አሸነፈው፣ አይሄዱም። ወንድሜ ደግሞ "ለምን በጠጅ አናደርገውም የሐበሻ ኤግኖግ ይሆናል" ብሎ ማንም ሳያየው ለብ ያለው ብርጭቆው ላይ ጠጅ ገለበጠበት፣ ዓይናችን እያየ ተቋጠረ፣ ከላይ አይብ ከታች ውሃ። ጠጁ ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ ወተቱን ያረጋዋል፣ የእንግሊዞቹ ፖሴት እኮ ሆን ተብሎ እንደዚያ የሚሠራ ነበር፣ እማየ ግን ታሪኩን አልሰማችም፣ "ማሬን!" ብቻ ነው ያለችው።

ትልቁ የኤግኖግ ችግር ግን ጾሙ ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ልደት ነው፣ ጠላና ጠጅ የጾም ስለሆኑ እየቀመሱ ማስተካከል ይቻላል፣ ኤግኖግን ግን ዋዜማ የሚሠራው ሰው አይቀምሰውም። ዶሮ ወጥም ሳንቀምስ አይደል የምንሠራው ትሉኛላችሁ፣ ልክ ነው፣ ግን ለዶሮ ወጥ እጃችን ከልጅነት ጀምሮ ለምዷል፣ ገውዝን ማን ለመደው? እኔ አንዱን ፍሬ ሙሉ ፈቅፍቄ ጨመርኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ከቅዳሴ ተመልሰን ጧፉ አጠገብ ቁጭ ብለን ሲቀዳ እማየ አንዴ ፉት አለችለትና ብርጭቆውን እያየች "ይሄስ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነው" አለች። ለአንድ ሊትር የሻይ ማንኪያ ሩብ ይበቃል፣ ቢቻል ደግሞ ሲቀዳ ላዩ ላይ ብቻ ነስንሱ፣ ያኔ ጾሙ ተፈቷል፣ መቅመስ ይቻላል። ከአርባ ቀን ጾም በኋላ ባዶ ሆድ ላይ እንዲህ ያለ ቅባት መጠጣትም ቀላል አይደለም፣ በትንሽ ሲኒ ቅዱት፣ ዶሮው ከነእንቁላሉ እየጠበቀ ነው።

ለጥምቀት ደግሞ ዋዜማው ጥር 10 ገሃድ ስለሆነ የሚጾመው ይጾማል፣ እንግዳው ደግሞ የሚጎርፈው ከዚያው ከከተራ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ኤግኖግ የገና ጠዋት የቤተሰብ ነገር እንጂ የጥምቀት አይደለም፣ በዚህ እህትየም ተስማምታለች።

በቃ እንዲህ አድርጉት። ከሃያ ሰው በላይ የሚመጣበት ቤት ጠላ ይጥመቅ፣ ለታላላቆቹ አንድ ማሰሮ ጠጅ ይጨምር፣ ጠጁ ለጥምቀት እንዲደርስ ከታኅሣሥ 20 በፊት ይጣል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ጋንም ጭስም የማይመቸው፣ ጠጅ ይሻለዋል፣ አንድ ትልቅ እንስራ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ማንንም አያስቸግርም። ቀኑ ያለፈበት ሰው፣ ማለትም ሦስት ቀን ቀርቶት አሁን የነቃው፣ ብርዝና ኤግኖግ ብቻ ነው የቀረው፣ ለሌላው እዚሁ ከተማችን የሚጠመቀውን ዳሽን በሳጥን ያምጣ፣ አያፍርም። አዲስ ነገር ለልጆች ማሳየት የፈለገ ኤግኖጉን ያለ መጠጥ ይሥራ፣ የኛዎቹ ልጆች ከሁሉም የወደዱት እሱን ነው፣ "የእንቁላል አይስክሬም" ነው የሚሉት።

እህትየ ዘንድሮም ትመጣለች። ገውዙን እሷ ትያዝ ተብሏል፣ በምትኩ ብቅሉን የምታሰጣውና ጋኑን በግራዋ የምታሸው እሷ ናት፣ እማየ ከአሁኑ በስልክ ነግራታለች።